አልፍሬድ ኢልግ፡ ባቡሩን አስጀምረው መድረሻውን ያላዩት የአፄ ምኒልክ አማካሪ

በሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን የምትገኘው አፍደም ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ በሚዘልቀው የባቡር መስመር ላይ ስሟ ከመቶ ዓመት በላይ ሲጠራ የኖረ ጣቢያ ናት። ከድሬዳዋ ተነስቶ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ መንገደኛ ሁርሶን፣ ኤረርን፣ ጎታንና ቢኬን ካለፈ በኋላ አፍደም ይደርሳል፤ ከዚያም በሙሉ በኩል ወደ ሚኤሶ ያመራል። አንድ ሜትር ስፋት የነበረው አሮጌው ሐዲድም ሆነ በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር የሚያልፈው ከጨርጨር ተራሮች ግርጌ በተዘረጋው በዚሁ ቆላ ነው።

ነገር ግን የመጀመሪያው የባቡር ውል ሲፈረም ሐዲዱ ከጅቡቲ በቀጥታ ወደ ሐረር ከተማ እንዲወጣ ታስቦ እንደነበር የታሪክ መዛግብት ያስረዳሉ። ሐዲዱ ሐረርን ትቶ በቆላው እንዲቀር ያደረገው የመልክአ ምድሩ አስቸጋሪነት ብቻ ሳይሆን የኩባንያው ካዝና መራቆትም ጭምር ነው። ያንን ኩባንያ ያቋቋሙት፣ የኢትዮጵያን ንጉሠ ነገሥት ያሳመኑትና በኋላም በሁለት ወገን ጥርጣሬ መካከል ቆመው ሥራቸው ከእጃቸው ሲወጣ የተመለከቱት ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ናቸው። የእኚህ ሰው የሕይወት ታሪክ በአገራችን የመጀመሪያው ታላቅ የትራንስፖርት ኩባንያ እንዴት ተወልዶ እንዴት ለኪሳራ እንደበቃና በሌላ መልክ እንዴት እንደገና እንደተቋቋመ የሚያሳይ በመሆኑ ጥቂት መዘርዘሩ ተገቢ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልን እንሻለን።

አልፍሬድ ኢልግ ማርች 30 ቀን 1854 በሰሜን ምሥራቅ ስዊዘርላንድ በምትገኘው ፍራወንፌልድ ከተማ ተወለዱ። በዙሪክ በሚገኘው ከፍተኛ የቴክኒክ ትምህርት ቤት የምህንድስና ትምህርታቸውን አጠናቀው ሥራ በጀመሩበት ወቅት ሕይወታቸውን የለወጠ ጥሪ ከሩቅ መጣ። በዚያን ዘመን የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ በኤደን ወደብ በሚሠራ አንድ የስዊስ የንግድ ድርጅት አማካይነት የአውሮፓን የእጅ ጥበብና የምህንድስና ሙያ የሚያውቅ ሰው እንዲፈለግላቸው ጠይቀው ነበር። ወጣቱ መሐንዲስ ጥሪውን ተቀብለው ከሁለት የአገራቸው ባለሙያዎች ጋር በ1878 ጉዞ ጀመሩ፤ በ1879 መጀመሪያም በጊዜው የሸዋ መናገሻ ወደነበረችው አንኮበር ደረሱ። ዕድሜያቸው ገና ሃያ አምስት ዓመት አልሞላም ነበር።

ንጉሡ አዲሱን መሐንዲስ የፈተኑበት ሥራ እስከዛሬ ይተረካል። መጀመሪያ ጫማ እንዲሠሩ፣ ቀጥሎም ጠመንጃ እንዲያዘጋጁ እንደታዘዙ ይነገራል። ድልድይና ፋብሪካ ሊሠራ ለተማረ ሰው ጫማ መስፋት እንግዳ ነገር ቢሆንም ኢልግ ትእዛዙን ፈጽመዋል ይባላል። ከጥቂት ጊዜ በኋላም በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠርተው ሙያቸውን በተገቢው ቦታ አስመስክረዋል። የአማርኛ ቋንቋን አጥንተው ያለ አስተርጓሚ መነጋገር መቻላቸው ደግሞ ከሌሎች የአውሮፓ ሰዎች ይልቅ ለቤተ መንግሥቱ ቅርብ አደረጋቸው። የቤተ መንግሥት ሰዎች ሙሴ ኢልግ እያሉ ይጠሯቸው ነበር።

ኢልግ ከመሐንዲስነታቸው ጎን ለጎን በንግድም ተሰማርተው ነበር። በ1880ዎቹ መጨረሻ በሐረር ይነግዱ ከነበሩት ፈረንሳዊ ባለቅኔ አርተር ራምቦ ጋር ደብዳቤ ይለዋወጡና በሸዋ በኩል የእርሳቸውን ዕቃ ያሻሽጡ ነበር። ራምቦ በግመል አስጭነው ከሚልኩት ዕቃ ውስጥ ለሸዋ ገበያ ፈጽሞ የማይሆን ስለሚገኝበት ኢልግ ቅሬታ ማሰማታቸው አልቀረም። ይህ ትንሽ ጉዳይ ይመስላል። ሆኖም የአንድ ግመል ጭነት ከባሕር ዳርቻ እስከ ሸዋ ለመድረስ ሳምንታት አንዳንዴም ወራት በሚፈጅበት አገር፣ ዕቃው ደርሶ ሳይሸጥ ሲቀር የሚያደርሰውን ኪሳራ ኢልግ በገዛ ገንዘባቸው ተምረዋል። ቡናው፣ ቆዳው፣ የዝሆን ጥርሱና ዝባዱ ወደ ባሕር የሚወርደው በዚሁ መንገድ ነበር፤ ጠመንጃውና ጨርቁ የሚወጣውም እንዲሁ። ጭነቱ በየበረሃው የሚያልፈው በጎሳ መሪዎች ፈቃድና በአጃቢዎቻቸው ጥበቃ በመሆኑ ዋጋው በየምዕራፉ ይጨምራል። የባቡሩ ሐሳብ በኢልግ አእምሮ የጸናው ከዚህ ልምድ መሆኑን መገመት አያዳግትም።

ሐሳቡን ለንጉሡ ለማስረዳት ኢልግ ትንሽ የባቡር ሞዴል አዘጋጅተው በቤተ መንግሥት ማሳየታቸው ይታወቃል። ምኒልክ አዲስ የቴክኒክ ነገር ማየት ይወዱ ስለነበር በሞዴሉ ተደስተዋል፤ ውሳኔ ለመስጠት ግን ዓመታት ፈጅቷል። ባሕር ዳርቻው በሙሉ በፈረንሳይ፣ በእንግሊዝና በኢጣልያ እጅ በነበረበት ወቅት ከወደብ ወደ መሐል አገር የሚገባ ሐዲድ ሸቀጥ ብቻ ሳይሆን ጦርም ሊያመጣ እንደሚችል ንጉሡም መኳንንቱም ያውቁ ነበር። በሌላ በኩል ጠመንጃ በፍጥነት ሊደርስ የሚችለው በዚሁ ሐዲድ ነው። ምኒልክ በ1889 ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላ ይህን ሚዛን ሲመዝኑ ቆይተው ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1893 ጥናት እንዲካሄድ ፈቀዱ። ማርች 9 ቀን 1894 ደግሞ ለኢልግ የኮንሴሽኑን ውል ሰጡ።

ውሉ ለ99 ዓመታት የሚጸና ሲሆን ሥራውን በሦስት ክፍል ይመድባል። የመጀመሪያው ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ሦስተኛው ከእንጦጦ በከፋ አድርጎ እስከ ነጭ ዓባይ የሚደርስ ነው። ከሐዲዱ ጎን የቴሌግራፍ መስመር እንዲዘረጋም ተወስኗል። የኩባንያው ስያሜ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት የምድር ባቡር ኩባንያ የሚል ሆኖ ሥልጣኑ ከኢትዮጵያ ዘውድ እንደሚመነጭ እንዲያመለክት ተደርጓል። ገንዘቡን ግን የኢትዮጵያ መንግሥት አያወጣም፤ ከአውሮፓ ባለሀብቶች በአክሲዮን ሽያጭ የሚሰበሰብ ይሆናል። በሌላ አነጋገር ኢልግ ያሰቡት በማንም ኃያል መንግሥት ያልተያዘ፣ በግል ገንዘብ የሚሠራና ለኢትዮጵያ ዘውድ የሚታዘዝ የምድር ባቡር ነበር። ሐሳቡ ታላቅ እንደነበር አይካድም። ገንዘቡን የሚያዋጣው ሰው ማን እንደሚሆንና ከገንዘቡ ጋር ምን እንደሚፈልግ ግን በውሉ አልተጻፈም።

በእነዚያ ዓመታት ኢልግ ያልገቡበት ሥራ አልነበረም ማለት ይቻላል። በ1894 በፓሪስ የታተሙት የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ የፖስታ ቴምብሮችና በዚያው ዘመን የተቀረጸው የምኒልክ ብር እንዲዘጋጁ አድርገዋል። ለአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት በቧንቧ ውኃ ያስገቡትም እርሳቸው ናቸው። ከኢጣልያ ጋር የተፈረመው የውጫሌ ውል አሥራ ሰባተኛ አንቀጽ በሁለቱ ቋንቋዎች የተለያየ ትርጉም መያዙ ክርክር ባስነሳ ጊዜም የንጉሠ ነገሥቱን አቋም በአውሮፓ ካስረዱት ሰዎች አንዱ ነበሩ። በ1895 ፋኒ ጋቲከር የተባሉ የዙሪክ ተወላጅ አግብተው ወደ ኢትዮጵያ ይዘዋቸው መጡ።

የዐድዋ ድል ለኢትዮጵያ የሰጠው ክብር ለኢልግ ኩባንያም ጠቅሟል። በማርች 1896 (የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.) የተገኘው ድል ኢትዮጵያ ነፃነቷ የጸና አገር መሆኗን ለዓለም ሲያረጋግጥ፣ ፈረንሳይ ሐዲዱ በጅቡቲ ግዛቷ እንዲያልፍ ፈቀደች፤ ኩባንያውም በዚያው ዓመት በፓሪስ ተመሠረተ። የኢልግ የሥራ ባልደረባ የሆኑት ፈረንሳዊው ነጋዴ ሌዎን ሼፍኔ የአውሮፓውን ዘርፍ ያዙ። በ1897 ኢትዮጵያና ፈረንሳይ ባደረጉት ስምምነት ጅቡቲ የኢትዮጵያ ንግድ ዋና በር ሆና ታወቀች። በዚያው ዓመት ማርች 27 ቀን ኢልግ የመንግሥት አማካሪ ተብለው ተሾሙ፤ ሥራቸውም በውጭ ጉዳይ ላይ ያተኮረ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። አንድ ሰው የኮንሴሽኑ ባለቤትና የኩባንያው መሥራች ሆኖ ሳለ ኮንሴሽኑን የሰጠው መንግሥት ዋና አማካሪም ሆነ ማለት ነው። በዛሬው የመንግሥት አሠራር ይህ የጥቅም ግጭት ተብሎ ገና ከጅምሩ የሚታገድ ነው። በዚያን ዘመን ግን ለንጉሠ ነገሥቱ አውሮፓን የሚያውቅ፣ አማርኛ የሚናገርና ከታላላቆቹ መንግሥታት የአንዱም ዜጋ ያልሆነ ሌላ ሰው አልተገኘም። የስዊስ ዜግነታቸው ትልቁ ሀብታቸው ነበር። ባቡሩ ችግር ላይ በወደቀ ጊዜ ግን ሁለቱ ወንበሮች ለኢልግ ሸክም ሆኑባቸው።

የሐዲዱ ሥራ በኦክቶበር 1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። ከባሕር ዳርቻው ተነስቶ ወደ ውስጥ የሚወጣው መሬት ጥቁር ድንጋይና ጥልቅ ሸለቆ የበዛበት በመሆኑ በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ታላላቅ የብረት ድልድዮችን መሥራት ግድ ሆነ። ውኃ በሌለበት በረሃ ለሠራተኛውም ለግንባታውም ውኃ ማቅረብ ራሱን የቻለ ወጪ ነበር። የኢሳና የአፋር አርብቶ አደሮች ሐዲዱ በግጦሽ መሬታቸው ሲያልፍና የግመል ጭነት ገቢያቸውን ሊያስቀርባቸው ሲመጣ ዝም ብለው አላዩም፤ በሥራው ቦታዎች ላይ ጥቃት እየደረሰ ሥራው ይቋረጥ ነበር። ለእነዚህ ሰዎች ግመል ማከራየትና ማጀብ የዕለት እንጀራቸው በመሆኑ ተቃውሟቸው ያለ ምክንያት እንዳልነበረ ዛሬ ላይ ሆኖ መናገር ይቻላል።

ወጪው ሲያሻቅብ አክሲዮኑ ግን በፓሪስ ገበያ እንደታሰበው አልተሸጠም። የፈረንሳይ ባለሀብት ስለ ኢትዮጵያ የነበረው ዕውቀት ጥቂት ሲሆን፣ ወደማያውቀው አገር ለሚሠራ ሐዲድ ገንዘቡን ለማውጣት አልደፈረም። ኩባንያው ሥራው ሳይቆም ገንዘብ ለማግኘት ፊቱን ወደ ለንደን መለሰ። የእንግሊዝ ባለሀብቶች አክሲዮኑን እየገዙ ገቡ፤ በ1901ም በለንደን ይህንኑ ጥቅም የሚያስተባብር ድርጅት አቋቋሙ። ለኢልግና ለሼፍኔ ገንዘብ ገንዘብ ነው፤ ከየትም ይምጣ ሐዲዱን ያስቀጥላል። በፓሪስ ግን ጉዳዩ በሌላ ዓይን ታየ። የጅቡቲን ወደብ ሕልውና የሚወስነው ሐዲድ በተቀናቃኝ መንግሥት ዜጎች እጅ ሊወድቅ ነው የሚል ጩኸት በቅኝ ግዛት ደጋፊዎች ዘንድ ተነሳ።

የፈረንሳይ መንግሥት በዚህ ጊዜ ጣልቃ ገባ። ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1902 ከኩባንያው ጋር በተፈረመው ስምምነት መሠረት ለኩባንያው በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ለ50 ዓመት ድጎማ ሊሰጥ ተስማማ፤ ጠቅላላ ድምሩ 25 ሚሊዮን ፍራንክ ይሆናል። በምላሹም የፈረንሳይ መንግሥት በኩባንያው አመራርና በሐዲዱ የወደፊት ዕጣ ላይ የቁጥጥር መብት አገኘ። ስምምነቱ ኩባንያውን ከመውደቅ አዳነ። ኢልግ ያሰቡትን ኩባንያ ግን በዚያው ቀን አበቃለት ማለት ይቻላል።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ነገሩን በሰሙ ጊዜ እጅግ ተቆጡ። በስማቸው የተቋቋመና በእርሳቸው ፈቃድ የሚሠራ ኩባንያ ስለ ኢትዮጵያ መሬት ከውጭ መንግሥት ጋር ያለ እርሳቸው ዕውቅና ተዋውሏል። ንጉሠ ነገሥቱ የገንዘቡን መጠን አልተከራከሩም፤ የተከራከሩት ስለ ሥልጣን ነበር። በ1902 መጨረሻ ሐዲዱ ድሬዳዋ ደርሶ ለምረቃው በተጠሩ ጊዜ አልተገኙም። ሐዲዱ ወደ አዲስ አበባ እንዲቀጥል የሚያስፈልገውንም ፈቃድ ያዙት። ኢልግ በአንድ በኩል የጌታቸውን ቁጣ ማብረድ፣ በሌላ በኩል የመሠረቱት ኩባንያ እንዳይፈርስ መጠበቅ ነበረባቸው። በአዲስ አበባ የነበሩት የእንግሊዝ ተወካይ ሃሪንግተን ኢልግን የፈረንሳይ ወገን አድርገው ይቆጥሯቸው ነበር። በፈረንሳይ በኩልም የነበረው ምስጋና ብዙ አልነበረም።

አሁን ወደ ኩባንያው ሒሳብ እንመለስ። ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ ለመውጣት የሚጠይቀው ወጪ ከአቅም በላይ ሆኖ በመገኘቱ ከተራራው ግርጌ እንዲቆም ተደርጎ ነበር። በቆመበት ስፍራ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፤ መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተብሎ በኋላ ድሬዳዋ የሚለው ስም ጸንቶለታል። በሸመንደፈር ዙሪያ ያደገችው ይህች ከተማ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የምሥራቁ ንግድ መናኸሪያ ሆነች። ለከተማዋ መልካም የሆነው ግን ለኩባንያው በቂ አልነበረም። ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋ ያለው 310 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ አብዛኛው ሰውና ጭነት በሌለበት በረሃ የሚያልፍ ሲሆን፣ ጭነቱ የሚመነጭበት ደጋ ገና ሩቅ ነበር። የሸዋ ነጋዴ ዕቃውን እስከ ድሬዳዋ በበቅሎና በግመል ማምጣቱ ካልቀረለት በዚያው ግመል እስከ ባሕሩ ቢቀጥል የሚቀርበት ነገር ጥቂት ነው። የዘይላ የግመል መንገድም ገና አልተዘጋም። ኩባንያው ወጪውን ለመሸፈን ታሪፉን ከፍ ሲያደርግ ነጋዴው ወደ ግመሉ ይሸሻል፤ ታሪፉን ዝቅ ሲያደርግ ደግሞ የተበደረውን መክፈል ያቅተዋል። ድጎማውም ቢሆን የቆየውን ዕዳ ከመሸፈን አልፎ አዲስ ሐዲድ የሚዘረጋ አልነበረም።

በግማሽ መንገድ የቆመ ሐዲድ ጨርሶ ካልተጀመረ ሐዲድ ይበልጥ ይከስራል። የተሠራው ክፍል ዕዳውን እየቆጠረ ያልተሠራው ክፍል ገቢውን ይዞ ይቀራልና። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ይህን ሲያነብ የቅርቡ ዘመን ታሪክ ትዝ ማለቱ አልቀረም። በቻይና ብድር የተሠራውና በ2018 መደበኛ አገልግሎት የጀመረው አዲሱ የአዲስ አበባ – ጅቡቲ መስመርም የብድሩ የመክፈያ ጊዜ ከገቢው ጋር አልመጣጠን ብሎ፣ በዚያው ዓመት ከቻይና መንግሥት ጋር በተደረገ ንግግር የመክፈያው ጊዜ ወደ 30 ዓመት እንዲራዘም መደረጉ ይታወሳል። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ በአሁኑ መስመር ባለቤቶቹ ሁለቱ መንግሥታት ናቸው። የባቡር ገንዘብ ቀስ ብሎ የሚመለስ መሆኑ ግን ከኢልግ ዘመን እስከዛሬ አልተለወጠም።

ከ1903 እስከ 1906 ባሉት ዓመታት ሐዲዱ ከድሬዳዋ አንድ እርምጃ ሳይራመድ ቆየ። የፈረንሳይ መንግሥት ሐዲዱ የፈረንሳይ እንዲሆን ይሻል፤ እንግሊዞች ሐዲዱ ዓለም አቀፍ ሆኖ በጋራ እንዲተዳደር ሐሳብ ያቀርባሉ፤ ኢጣልያም የራሷን ድርሻ ትጠይቃለች። ምኒልክ በ1905 የመንግሥታቱን ተወካዮች ጠርተው መስማማት ካቃታቸው ሐዲዱን ራሳቸው እንደሚያሠሩ አስታወቁ። ለዚህ የሚሆን ገንዘብ በግምጃ ቤታቸው አልነበረም፤ መልእክቱ ግን ግልጽ ነበር። መንግሥታቱ በበኩላቸው ዲሴምበር 13 ቀን 1906 በለንደን በተፈራረሙት የሦስትዮሽ ስምምነት ኢትዮጵያን ሳያማክሩ በጉዳዩ ላይ እርስ በርሳቸው ተስማሙ፤ እስከ አዲስ አበባ ያለው ሐዲድ ለፈረንሳይ ተተወ። ምኒልክ ስምምነቱ ሲነገራቸው የአገራቸውን ሉዓላዊ መብት እንደማይቀንስባቸው በጥንቃቄ አሳሰቡ።

የኢልግ ኩባንያ በዚህ ጊዜ ከኪሳራ ደጃፍ ደርሶ ነበር። አዲስ አክሲዮን የሚገዛው አልተገኘም፤ ሐዲዱን ለማስቀጠል የሚያስችል ፈቃድም በእጁ አልነበረም። ኩባንያው ሥራውን መቀጠል ተስኖት ፈረሰ፤ በ1894 የተሰጠውም ኮንሴሽን ዋጋ አጣ። ኢልግ በቤተ መንግሥቱ የነበራቸው ተሰሚነት ከቀን ወደ ቀን እየቀነሰ ሄደ። የንጉሠ ነገሥቱ ጤና መታወክ ጀምሯል፤ በአዲስ አበባ የተቋቋሙት የውጭ ለጋሲዮኖችም በቀጥታ ከቤተ መንግሥቱ ጋር መነጋገር ጀምረዋል። ሃያ ስምንት ዓመት ያህል ካገለገሉ በኋላ ኢልግ በ1907 ሥራቸውን ለቀው ወደ ስዊዘርላንድ ተመለሱ። ሃምሳ ሦስት ዓመታቸው ነበር።

እርሳቸው ከሄዱ በኋላ ነገሩ በፍጥነት ተለወጠ። በጃኑዋሪ 1908 የፈረንሳይ መልእክተኛ ክሎቡኮቭስኪ ከኢትዮጵያ ጋር አዲስ የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረሙ። በዚያው ወር በ30ኛው ቀን ምኒልክ አዲሱን የባቡር ኮንሴሽን ሰጡ፤ የሰጡት ግን ለኩባንያ ወይም ለውጭ መንግሥት ሳይሆን የግል ሐኪማቸው ለሆኑት የጓዳሉፕ ተወላጅ ዶክተር ቪታሊየን ነበር። ዶክተሩ ኮንሴሽኑን የፈረንሳይና ኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኩባንያ ተብሎ ለተቋቋመው አዲስ ድርጅት አስተላለፉ። ከጀርባው የኢንዶቺን ባንክ ቆሞ ነበር። ይህ ኩባንያ ከቀድሞው የሚለየው በሦስት ነገር ነው። ገንዘቡ ከግለሰብ አክሲዮን ገዢዎች ልግስና የሚጠበቅ ሳይሆን ትልቅ ባንክና መንግሥት የቆሙለት ነበር። ሐዲዱ የኢትዮጵያም የፈረንሳይም ጥቅም መሆኑን በስሙ ሳይደብቅ ገለጸ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱን ፈቃድ አስቀድሞ ያገኘ ነበር። እስከ ነጭ ዓባይ ይደርሳል የተባለው የኢልግ ሦስተኛ ክፍል ግን በዝምታ ቀረ፤ አዲሱ ኩባንያ መድረሻውን አዲስ አበባ አድርጎ በዚያው ወሰነ።

ሐዲዱ ከድሬዳዋ ተነስቶ በኤረርና በአፍደም ቆላ እንደገና መዘርጋት የጀመረው በዚህ ሁኔታ ነው። መንገዱ ከተራራው ርቆ በሜዳው የሚሄድ በመሆኑ ከጅቡቲው የመጀመሪያ ክፍል ይልቅ ሥራው ቀለለ። ለባቡሩ ውኃና ማረፊያ በሚሆኑ ስፍራዎች ጣቢያዎች ተተከሉ፤ በእነዚህ ጣቢያዎች ዙሪያም ሱቅ፣ ሻይ ቤትና ገበያ ተሰባሰበ። ቀድሞ የባቡሩን ሥራ የተቃወሙት አርብቶ አደሮች ልጆች በጣቢያዎቹ ከብትና ወተት እየሸጡ፣ አንዳንዶቹም በሐዲዱ ሥራ ተቀጥረው መኖር ጀመሩ። ሐዲዱ አዋሽን ተሻግሮ በ1915 ከአዲስ አበባ 23 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ እስከምትገኘው አቃቂ ደረሰ።

ኢልግ በዚህ ጊዜ በዙሪክ ይኖሩ ነበር። ከኢትዮጵያ ይዘዋቸው የሄዱት የእጅ ሥራ ውጤቶችና ፎቶግራፎች ዛሬ በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የብሔረሰብ ጥናት ሙዚየም ይገኛሉ። የዓለም ጦርነት አውሮፓን እያመሰ፣ ምኒልክም ካረፉ ሁለት ዓመት አልፎ ሳለ ጃኑዋሪ 7 ቀን 1916 በስልሳ አንድ ዓመታቸው በዚያው ከተማ አረፉ። የሕይወት ታሪካቸውን ወዳጃቸው ፕሮፌሰር ኮንራድ ኬለር ጽፈው በ1918 አሳትመውላቸዋል።

በሞቱበት ቀን ሐዲዱ ከአዲስ አበባ የሚለየው የአንድ ቀን የበቅሎ መንገድ ያህል ነበር። ባቡሩ በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ የመስመሩ ጠቅላላ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ያህል ሆነ፤ ውሉ ከተሰጠ ሃያ ሦስት ዓመት፣ ሥራው ከተጀመረም ሃያ ዓመት ሊሞላ ነበር። ኩባንያውም መስመሩ ሙሉ በሆነ ማግስት ከባሕር እስከ መዲና አንድ ወጥ ጭነት ማጓጓዝ በመቻሉ ትርፍ ማግኘት ጀመረ፤ የአገሪቱ የወጪና የገቢ ንግድ አብዛኛው ክፍልም ለብዙ ዓመታት በአፍደም በኩል አለፈ።